ከአራቱ ሦስቱ

ጥር 6
ሪፖርቱ ታትሞ መጣ። ገጽ ዘጠኝ ላይ የኔ ቁጥር፦ «በእንክብካቤ ማዕከላት ካሉ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ከአራቱ ሦስቱ ከማዕከል ውጭ መኖር አይችሉም።» ማዕከሎቹ የሞሉት ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ፎርም፣ ሦስት ወር ሙሉ ኮምፒዩተር ላይ ስመዘግብ። ወገቤን ቆርጦኛል። አለቃዬ ሽፋኑን ወዶታል።

ጥር 9
አጎቴ ሬዲዮ ሰምቶ መጣ። የኔኑ ቁጥር ለኔው ነገረኝ! ወሬው ስለ ታላቅ ወንድሜ ስለ ጋሼ ነው። እማዬ ጉልበቷ ከድቷታል፣ ማዕከል እናስገባው ይላል። «ወንድምሽ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ኦቲዝም እንደሁ በዕድሜ አይለቅ። ይኸው በጥናት ተረጋገጠ።» እማዬ ወደኔ ዞረች። የተማርኩት እኔ ነኝ አይደል... «ጥናቱ ልክ ነው» አልኩ። ጋሼ አጠገባችን ልብስ ያጣጥፋል። እሱን የጠየቀው የለም።

ጥር 10
ሳላጣራ ልክ ነው ማለቴ ከነከነኝ። ማልጄ ቢሮ ገብቼ ፎርሞቹን ከካርቶን አወጣሁ። ጥያቄ ዐሥራ ሁለት፦ ድጋፍ ካገኘ ከማዕከል ውጭ መኖር ይችላል? ሁለት ሳጥን፣ ይችላል፣ አይችልም። ብዙዎቹ ላይ ምንም ምልክት የለም። ታዲያ ኮምፒዩተሩ ላይ «አይችልም» ያለው ማነው?
እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ኮምፒዩተሩ ባዶ አልቀበልም ሲል አለቃዬን ጠየቅኩት። ቢችልማ ይጽፉ ነበር፣ አይችልም በይው አለ። እሺ አልኩ። ከዛ እጄ ለመደው...

ጥር 13
ቆጠርኩ። ደገምኩ። ይችላል 49። አይችልም 34። ባዶ 131።
መቶ ሠላሳ አንድ ሰው ላይ ፈርጃለሁ። ደግሞ ሁሉም ማዕከል ያሉ ናቸው። እንደ ጋሼ ቤታቸው ካሉት አንድም አልተቆጠረም። ቁጥሩ ስለ እሱ ምንም አይልም! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ጥር 14
አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም አለ። ትክክለኛው ስንት ነው ሲለኝ፣ ስለ አብዛኞቹ አናውቅም አልኩት።
«አናውቅም ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል?»
«ካላወቅን ይጻፋል።»
መነጽሩን አውልቆ አስቀመጠ። ከዛ እንደዛ አስገቢ ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ ማረሚያው በሁለታችን ስም ይውጣ አለ። አልጠበቅኩም።

ጥር 17
ለእማዬና ለአጎቴ ነገርኳቸው። አጎቴ ሬዲዮው ዋሸ ወይ አለ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩ። የእማዬ ፊት በራ። መሄዱ ቀረ ማለት ነው! ከዛ ጋሼን ጠየቅኩት። እውነቱን ለመናገር ለወጉ ያህል ነው፣ መልሱን የማውቅ መስሎኝ።
«ጋሼ፣ የት መኖር ትፈልጋለህ?»
የያዘውን ሸሚዝ አጥፎ ጨረሰ። «እዛ ለአንድ ሰው አንድ ክፍል ነው?»
«ነው።»
«በሩ ይዘጋል?»
«ይዘጋል።»
«ልየው።»
እማዬ ተነስታ ጓዳ ገባች።

ጥር 29
ጋሼ ማዕከሉን ሁለቴ ሄዶ አየው። የምግብ አዳራሹ ጫጫታ ነው፣ እሱን አልወደደም። ምሳ ክፍሌ ይምጣልኝ አለ፣ ተስማሙ። ካልተስማማው መመለስ እንደሚችልም አስጽፎ አስፈረማቸው። ይሄን ማን አስተማረው?
ከፋኝ። ቁጥሩን ያረምኩት እንዳይሄድ ነበር እኮ። አጎቴ ደግሞ «አላልኩም?» እያለ ይዞራል። አላለም። እሱ እናስገባው ነው ያለው፣ ጋሼ ግን ራሱ መረጠ። ግን ማን ይሰማኛል።

የካቲት 13
ማረሚያው ዛሬ ወጣ። ግማሽ ገጽ። ሬዲዮው ትንፍሽ አላለም።
ጋሼ ከገባ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ከሥራ ስወጣ ሄድኩ። ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ መጨረሻው በር። አንኳኳሁ። ቤት እያለ ሳሎን ነበር የሚተኛው፣ ሁላችንም በላዩ ላይ ስንመላለስ... አንኳኩቼበት አላውቅም።
«ማነው?»
«እኔ ነኝ ጋሼ።»
«ዛሬ ሰው አልፈልግም። ነገ ነይ።»
እሺ ብዬ ወረድኩ። ቅር አለኝ? እንዴታ። ግን በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንዲህ ብሎን አያውቅም። የት ሆኖ ይበል?
ለእማዬ ከደረጃው ሥር ደወልኩላት። ደህና ነው ወይ አለች።
«ደህና ነው እማዬ። አባረረኝ።»
ሳቀች። ከዛ አለቀሰች። እኔም።