ጡረታ ወጥቼም ከሥራ ገበታዬ ስላለመነሳቴ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፤

ይህ ደብዳቤ ከነመላው ቤተሰብዎ በፍጹም ጤና እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ጤናዎን አጥብቄ መመኘቴ ታመው እዚያው ሆስፒታልዎ እንዳይተኙ ስለምሳሳልዎ ነው። ምክንያቱን ከዚህ በታች በትሕትና አቀርባለሁ።

እኔ በካርድ ክፍል ሠላሳ ስምንት ዓመት ያገለገልኩ፣ ጡረታ ከወጣሁም ሰባት ወር የሞላኝ ሴት ነኝ። ትልቁ ኮምፒውተርዎ ግን በዚህ አይስማማም። በእርሱ ዘንድ እስከ ዛሬ አንድ ቀን ሳልቀር፣ ለምሳ እንኳ ሳልወጣ ሥራ ላይ ነኝ። ስለ ትጋቴ የምስጋና ወረቀት አለመላክዎን እንደ መዘናጋት ቆጥሬ አልፌዋለሁ።

ጥፋቱ ከእኔ እንደጀመረ አልክድም። የክፍላችን ሠራተኞች እያንዳንዳችን ከየስክሪናችን፣ በየስማችንና በየይለፍ ቃላችን የበሽተኞች ካርድ ሁሉ ወዳለበት ትልቁ ኮምፒውተር እንገባ ነበር። ዘግቶ ወጥቶ እንደገና መግባት ጊዜ ስለሚፈጅ፣ ስክሪኑን ብቻ አጥፍተን መሄድ ልማዳችን ሆነ። ልጅ ሳለሁ መምህራችን በር ሳይዘጋ የወጣን ተማሪ ከግቢው በር መልሰው ያስዘጉት ነበር። እንዲህ ተምሬ፣ በመጨረሻው ቀኔ አበባ ታቅፌ ስወጣ እኔም ስክሪኑን ብቻ አጠፋሁ። ኋላ ክፍሉ ሲታደስ ዕቃው በየፎቁ ተበተነ፤ የእኔ ስክሪን የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ባለሙያዎቹ ሴሽን የሚሉት፣ በስሜ የተከፈተው በር ግን አሁንም ወለል ብሎ ተከፍቷል። የሚሠራበትም ሰው አለ።

አቤቱታዎቼ እነሆ፦

1. ባለፈው ወር ከአንዲት በሽተኛ ካርድ ላይ «ፔኒሲሊን እንዳይሰጣት» የሚለው መስመር ተሰረዘ። የሰረዝኩት እኔ ነኝ፤ ስሜ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ተመዝግቧል። በዚያ ሰዓት ቤቴ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ሴትዮዋ የተረፈችው ነርሷ የመድኃኒቱን ስም ስትነግራት «ኧረ ልትገድሉኝ ነው!» ብላ በመጮኋ ነው። ቃሌን እንድሰጥ በደብዳቤ ስለጠሩኝ አመሰግናለሁ፤ በዚህ ዕድሜ የሚያስታውስ መሥሪያ ቤት ማግኘት ቀላል አይደለም።

2. አቤት ስል ወዲያው የይለፍ ቃሌን ስላስቀየሩልኝም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሌባው ሳሎን ተቀምጦ ሳለ የበሩን ቁልፍ ቀየሩ። እርሱ እንደ ገባ ነው፤ ውጭ የቀረሁት እኔ ነኝ።

3. ከባለሙያዎችዎ አንዷ፣ ስሟን ልደብቅላትና፣ «እትዬ፣ እኮ አንድ ትእዛዝ ናት! አለቃችን ይፍቀዱልኝ እንጂ ከወንበሬ ሳልነሳ እዘጋዋለሁ» ብላኛለች። እርስዎ ግን ውስጥ ያለው ሰው ያላስቀመጠው ሥራ እንዳይጠፋበት ሰግተው፣ ባለስሟ ራሷ የሠራተኛ መታወቂያዋን ይዛ መጥታ ትዝጋው ብለዋል። መታወቂያዬን በወጣሁበት ዕለት ፈርማችሁ ተቀብላችሁኛል። ማንነቱ ለማይታወቅ ሰው እንዲህ የሚራራ ልብ ስለሰጠዎ ፈጣሪ ይመስገን።

4. ይህንን እንደ ሌሎቹ አሳምሬ መጻፍ አልቻልኩም። ታናሽ እህቴ ሰኞ ጠዋት በሆስፒታልዎ ቀዶ ጥገና ይደረግላታል። እርሷም ፔኒሲሊን አይስማማትም። በልጅነቷ አንዴ ተወግታ ፊቷ አብጦ ትንፋሽ ሲያጥራት እጇን ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ። ካርዷ ላይ ተጽፏል፤ የጻፍኩትም እኔው ነኝ፤ ስለዚህ በስሜ የተቀመጠ ማንም ሰው ሊሰርዘው ይችላል። ያችኛዋ በሽተኛ ነቅታ ስለነበር ጮኸች። እህቴ ተኝታ ነው መድኃኒት የሚሰጣት።

ለሐኪሙ ነገርኩት። «እማማ፣ አይስጉ፤ እኛ ካርዱን ሳናይ ምንም አንሰጥም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል። እህቴ ደግሞ «የምታመመው እኔ፣ የምትሞቺው አንቺ!» እያለች ትስቅብኛለች። እኔ ግን በማይለቅ ቀለም ክንዷ ላይ ልጽፍባት ወስኛለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከኮምፒውተርዎ ይልቅ የእህቴን ቆዳ አምናለሁ።

እንግዲህ ጌታዬ፣ ሌላው ሰው ሥራ ቅጠሩኝ ብሎ ደጅ ሲጠና፣ እኔ ከሰኞ በፊት እንዲያሰናብቱኝ እለምናለሁ። በዚያ በር ያለው ሰው ክፉ ይሁን ወይም ቸልተኛ አላውቅም፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚያስፈራኝም መለየት አቅቶኛል።

ውድ ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ለትዕግሥትዎና ለእርጋታዎ፣ በተለይም ለእርጋታዎ፣ ያለኝን የማያልቅ አድናቆት እገልጻለሁ።

የቀድሞዋ፣ በእርስዎ ፈቃድም የአሁኗ የካርድ ክፍል ሠራተኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከማሸጌ በፊት ካርድ ክፍል ደውዬ ነበር። የቀድሞ ባልደረባዬ ኮምፒውተሩ ውስጥ የገቡትን ሠራተኞች ዝርዝር አይታ «እትዬ፣ አሁንም አሉ! ይኸው አንድ ካርድ ከፍተው እየጻፉበት ነው» ብላ ሳቀች። የማን ካርድ እንደሆነ መጠየቁን ፈርቼ ስልኩን ዘጋሁት። እርስዎ ከእኔ ይልቅ ቅርብ ነዎትና፣ እባክዎ ይጠይቁልኝ።