የጠፋው ኩርባ

ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኔ ጉልበቴን ሻል ብሎኛል። የሳሎኑ ጣሪያ ግን ዛሬም ያፈሳል፤ ጠጋኙ "ነገ" ማለት አይሰለቸውም።

አባትሽ ከዩኒቨርሲቲው ጡረታ ወጣ። በሽኝቱ ላይ "የአውራ ጎዳና አስተዳደር ፕሮፌሰራችን" እያሉ ሲያሞግሱት አንገቱን እንደደፋ ነበር። መቼም ታውቂያለሽ፤ በወጣትነቱ ተማሪዎቹን ለመስክ ሥራ ይዞ ወጥቶ ሳለ፣ አንዷን እዚያ አደገኛ የመንገድ ኩርባ ላይ የጭነት መኪና ገደላት። ኩርባውን እስኪያስተካክሉት ድረስ ሲሟገት ዕድሜውን ጨረሰ። ዛሬም ፍሬን ሲጮህ ከወንበሩ ብድግ ይላል።

ባለፈው ሳምንት የልጅቷ እናት ቤታችን መጣች። "ፕሮፌሰር፣ ደፍሬ አይቼው አላውቅም፤ የወደቀችበትን ያሳዩኝ" አለችው። ሦስታችንም ሄድን። አዲሱ መንገድ ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ አሮጌው አፈር ለብሶ ሣር በቅሎበታል። አባትሽ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየና "ጠፋብኝ፣ እህቴ" ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሷ ክንዱን ይዛ "እንኳንም ጠፋ" አለችው።

እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ምሳ ቀርቦለት እንኳ "የቱ ጋ ነበር?" ይለኛል። እባክሽ ደውይለት። "ተወው፣ አባዬ" አትበይው፤ ዝም ብለሽ ስሚው። በደህና ያገናኘን፣ ልጄ።

እናትሽ