ከውጭ ብቻ የሚከፈት በር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1979

ከፈለ ወንድሜ፣ ዛሬም ከትምህርት ቤት ስመለስ የመኪናችንን በር ከፈትኩልህ። ልማድ ሆኖብኝ ነው። የውስጡ እጀታ ከተሰበረ ጀምሮ ሹፌሩን የሚያወርደው ሌላ ሰው አይደል? ቀድሜ እወርዳለሁ፣ በአፍንጫዋ በኩል እዞራለሁ፣ ከፍቼ ጎንበስ እልልሃለሁ። "እናመሰግናለን ዘበኛው" ትለኛለህ። ዛሬ ማንም አልወረደም።

ሌላም ነገር አለ። መቀመጫው ወደ ኋላ ተገፍቷል። አንተ እንደሆንክ መሪው ላይ ተለጥፈህ ነው የምትነዳው። እኔ አልነካሁትም። መርዶህ መስከረም ላይ ከመጣ ጀምሮ ቁልፉ ከእማዬ አንገት አልወረደም። ታዲያ ማን ነው የገፋው?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

የቤንዚኑ ቀስት ግማሽ ላይ ከቆመ ሁለት ዓመት አለፈው። ሲሞላም ግማሽ፣ ሲያልቅም ግማሽ። ከፈለ በሸንበቆ ነበር የሚለካው። እኔም ሸንበቆውን ከትቼ ለካሁ። ካለፈው ሳምንት ሁለት ጣት ጎድሏል... ቆማ የምትውል መኪና ቤንዚን ትጠጣለች? ያውም በኩፖን የሚገኝ ቤንዚን!

ከቤታችን ውጭ የዚህችን መኪና አመል የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ወደ ግራ ስትዞር ክላክሷ በራሱ እንደሚጮህ፣ የዝናብ መጥረጊያው በሲባጎ እንደሚሳብ፣ የሹፌሩ መስኮት ከሦስት ጣት በላይ እንደማይወርድ... ቲጃኒ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ቲጃኒ እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ ውስጥ ጋራዥ አለው። የከፈለ የልብ ጓደኛ። እንዲያ ነበር የሚባለው።

ጥር ላይ ሁለቱ ሆነው ከጅማ ወጣ ብሎ ወዳለው የቡ ገበያ ሄዱ። እዚያ አፈሳ ጠበቃቸው። ከፈለን ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት፤ ከዚያም ሰሜን፤ ከዚያም መርዶ። ቲጃኒ ግን በማግስቱ መኪናዋን ብቻውን እየነዳ መጣ። እማዬ አቅፋው ስታለቅስ እኔ ጫማውን አየሁ። አዲስ ነበር። አቧራ እንኳ የለበትም። ሰው በቡና ተክል መሃል ሮጦ ሲያመልጥ ጫማው ንጹሕ ይሆናል?

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ጠዋት አንዲት ደረቅ የቡና ፍሬ ከፍሪሲዮኑ ፔዳል ሥር አስቀመጥኩ። ማንም ልብ አይላትም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ደቅቃለች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

እማዬ ከጎረቤታችን ከእትዬ ውብነሽ ጋር ስታወራ ሰማሁ። ቲጃኒ በወሩ መጨረሻ መኪናዋን ይወስዳታል። ስገባ ወሬ ቀየሩ። እራት ላይ ጠየቅኳት። "ማን ሊነዳት ነው ታዲያ?" አለችና ሳህኖቹን ሰበሰበች።

ለካ ለዚህ ነው። ሲያስነሳት፣ ሲሞክራት የከረመው ሊወስዳት ነው። ያን የአፈሳ ዕለት ከከፈለ ጎን የተቀመጠው ማን ነበር? ወርዶ፣ ዞሮ፣ በሩን መክፈት የማን ሥራ ነበር? እጀታውን ሊበይድ የወሰደውስ ማን ነው?

ስለ እጀታው... ዛሬ አልጽፍም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ ትቼ ወደ ቤት መጣሁ። ከአጥር ውጭ ሆኜ ሞተሯን ሰማሁ። እማዬ ገበያ ናት። ቲጃኒ የሹፌሩ ቦታ ተቀምጧል፣ በሩ ዝግ ነው፤ ቁልፉ ከነክሩ ተሰክቶ ይወዛወዛል። ከአንገቷ ፈትታ የሰጠችው ራሷ ናት ማለት ነው።

ሲያየኝ ሞተሩን አጠፋ። ሁለት ወር ከቆመች ባትሪዋ ይሞታል፣ እናትህ አደራ ብለውኝ ነው፣ አለ በመስኮቱ ክፍተት። ከዚያ በጣቱ በሩን አንኳኳ።

"ክፈትልኝማ።"

አልከፈትኩም። እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ።

"አንተ ለከፈለ ከፍተህለት ነበር?" አልኩት።

ማርሹን ተሻግሮ በወዲያኛው በር መውጣት ይችል ነበር። አልሞከረም። መሪውን ይዞ እንደተቀመጠ ነገረኝ። ወታደሮቹ ከሁለቱም ወገን በካሚዮን መጡ። ገበያው ተበተነ። እሱ ዘሎ ወረደ።

"እስከ አፍንጫዋ ድረስ ዞሬያለሁ፣ ወላሂ። ሁለት እርምጃ ቀርቶኝ ነበር። ከዚያ እግሬ ወደ ቡናው ወሰደኝ።"

ዞር ብሎ ሲያይ ከፈለ ማርሹን እየተሻገረ ነበር። የጠበቁት በዚያው በር ላይ ነው። ስለ ጫማውም ጠየቅኩት። ሲሮጥ ወልቆ ቀረ፤ ያደረገው እዚያው የቡ ያለችው እህቱ ረሺዳ ከባሏ ሳጥን አውጥታ የሰጠችውን ነው። እስከ ጅማ እግሩን ሲቆርጠው መጣ።

በዚህ ማብቃት ነበረብኝ። አላበቃሁም። እጀታውን ለምን በጊዜው አልሠራኸውም፣ አልኩት። እኔ! ይህን የጠየቅኩት እኔ ነኝ።

ከደረት ኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ በመስኮቱ ክፍተት አቀበለኝ። ከበደኝ።

"ማሎ፣ እባክህ ሣህሉ፣ ይሄን አንተ ትጠይቀኛለህ? እጀታው ያን ሐሙስ ነው ያለቀው። ቅዳሜ መንገድ ላይ ከፈለ ሳቀብኝ። 'አንዲት እጀታ ሳምንት ይፈጅብሃል? ልጁን ባዶ እጁን መለስከው' አለኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩት። ይቆጣሃል ብዬ።"

በሩን ከፈትኩለት። ወርዶ ሄደ። አላየኝም፤ እኔም አላየሁትም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ያላስጻፈኝ ይህ ነው።

ከፈለ ሐሙስ ዕለት፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መርካቶ ጎራ በልና እጀታውን ተቀበል ብሎኝ ነበር። የክፍል ግጥሚያ ነበረን። ኳሱን ሳይ መሸ። ቤት ስገባ "ቲጃኒ አልጨረሰውም" አልኩ። ያችኑ ብቻ። ሦስት ቃል እንኳ አትሞላም።

ቲጃኒ ዘጠኝ ወር ሙሉ ያውቅ ነበር። ስሰልለው፣ ሰላምታ ስነፍገው...

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ለእማዬ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር። መልቀሟን አላቆመችም። ትሪው ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። መጨረሻ ላይ "ለሱም ንገረው" አለች። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ማታ መኪናዋ ውስጥ ገብቼ ለከፈለ ነገርኩት። ጠዋት ደግሞ መርካቶ ሄጄ ለቲጃኒ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ሄድኩ። ቲጃኒን ይቅርታ ጠየቅኩት። "እኔም ሁለት እርምጃ አለብኝ" አለ። መኪናዋን ሊገዛት እንዳልነበረም ነገረኝ። ጋራዡ ወስዶ ሠርቶ ሊመልሳት ነበር። ለማን? "ለማን ይሆን?" አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳው ላይ ሊያስነዳኝ ነው፤ ከፈለ ያስጀመረኝን ሊያስጨርሰኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

እማዬ ቁልፉን ከአንገቷ ፈትታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች።

እጀታውን ትናንት ራሴ ነው ያሰርኩት። በሸንበቆው ለካሁ፣ መቀመጫውን ወደ ፊት ሳብኩ፣ አስነሳኋት። ከጎኔ ማንም የለም። ወደ ግራ ስዞር ክላክሷ ጮኸ፤ አንዲት አህያ የምትነዳ ሴትዮ ሰደበችኝ። መንጃ ፈቃድ ስለሌለኝ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው የሄድኩት። የቲጃኒ ጋራዥ በር ላይ አቆምኩና ሞተሩን አጠፋሁ።

ተቀመጥኩ። ምን እንደምጠብቅ ለራሴም አልገባኝም ነበር። ቲጃኒ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከውስጥ ወጣ። ሊከፍትልኝ ነው፤ እሱም ልማዱ ነው። እስከ አፍንጫዋ ድረስ መጥቶ ቆመ። እዚያው ቆሞ ጠበቀኝ።

ያን ጊዜ ነው እጀታው ትዝ ያለኝ። ጎተትኩት፣ በሩ ተከፈተ፣ ወረድኩ።