ያላየሁት የፊልሙ መጨረሻ

ግርምዬ፣ የኔ ጌታ፣

እንደምን ሰነበትክ ለሞተ ሰው አይባልም ይላሉ። ይበሉ! ዕድሜ ልኬን ስልህ የኖርኩትን ዛሬ አልተውም። ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሞላህ። ሰባቱንም ወር ሳለቅስልህ ኖሬ፣ ባለፈው እሁድ ጉድ አፈላህብኝ። ጽሑፌ ቢጣመም እንዳትስቅብኝ።

መጀመሪያ ቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ሊዲያ የኢንግልዉድ አፓርትመንቷን ለቃ፣ ብቻሽን አትሆኚም ብላ እኔ ዘንድ ገብታለች። መኪናህን አሁን ድራይቭ የማደርገው እኔ ነኝ፤ ቶራንስ፣ አዛውንቶችን እስከማስታምምበት ቤት ድረስ። ወንበሩን ለቁመቴ ወደ ፊት ያስጠጋሁ ቀን ግን መንዳት አቅቶኝ ተመልሼ ቤት ገባሁ።

ፌርፋክስ ላይ እኒያ ጡረታ የወጡት ባለታክሲ ወዳጅህ፣ ጋሽ መኮንን፣ ዛሬም ምሳ ቤቱ መስኮት ሥር ተቀምጠው ያን የምንከራከርበትን የአውሬውን ፊልም ነገር ያነሳሉ። ለሳቸው ፊልም ማለት በልጅነታቸው አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ያዩት ጥቁርና ነጩ ነው፤ እንደገና የተሠራው ውርደት ነው ባይ ናቸው። እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ አልለቅም። በድሮው አውሬው ከባሕር ይወጣል፣ ቤት ያፈርሳል፣ መድፍ ይገድለዋል፤ ለምን መጣ ብሎ የጠየቀ የለም። በአዲሱ ግን እናት ናት። የወሰዱባትን ልጇን ፍለጋ ነው የመጣችው፤ አግኝታም ይዛው ወደ ባሕሯ ትመለሳለች እላቸው ነበር። ሰው ሁሉ ለናቀው ፊልም ይሄን ያህል ዘመን ጠበቃ ቆሜ ኖርኩ። እሳቸው ገና እኩሌታው ላይ ተናደው ቴሌቪዥኑን ያጠፉ ሰው ናቸው፤ እኔም መጨረሻውን የማውቀው ካንተ አፍ ነው። ሁለታችንም ጨርሰን ባላየነው ፊልም ነበር ስንጣላ የኖርነው፣ አይገርምህም?

ፊልሙን ያየንበትን ቀን ታስታውሳለህ? በዲቪ በመጣን በዓመቱ፣ የስድስት ወሩ ጽንስ በወረደብኝ በሦስተኛው ሳምንት። አንተ ዌስትውድ የሲኒማ ቤቱ ፓርኪንግ ትሠራ ስለነበር ፊልሙን ቀድመህ አይተኸዋል። ከቤት ትውጣ ብለህ ከሰዓት በኋላ ይዘኸኝ ሄድክ። ያኔ እንግሊዝኛዬ ከየስና ከቴንኪው አያልፍም። በጆሮዬ በአማርኛ ስታንሾካሹክልኝ ከፊታችን ያሉት ዞር ዞር እያሉ ያዩን ነበር። ሊያልቅ ሲል፣ ፓርኪንጉ ሳይጨናነቅ እንውጣ ብለህ ጎተትከኝ። የሙያህ ነገር ነው ብዬ ተከተልኩህ። መጨረሻውን መኪና ውስጥ ነገርከኝ፤ ልጇን ድልድይ ሥር አገኘችው፣ አቅፋው ባሕር ገባች አልከኝ። ከሆስፒታል ከወጣሁ ወዲህ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ፤ ቀለለኝም።

እሁድ ታዲያ ሊዲያ ፊልሙን አግኝታ፣ ኦኬ ማሚ፣ እስኪ ይሄን የምትጣሉበትን እንየው አለች። ከምሳ በኋላ ቁጭ አልን። ገና ከመጀመሪያው፣ አንተ ስትነግረኝ የነበረው ንግግር የለም። እንዲያውም ሳቅሁ፤ ሲቀጥፍልኝ ነበር ለካ ብዬ። ከዚያ ጥለነው የወጣንበት ጋ ደረሰ። ልጁ ሞቷል፣ ግርማ! በመስታወት ሣጥን አስቀምጠውታል። እናቲቱ አየችው። አትሸሽም፣ አታፈርስም፣ ቆማ ታየዋለች። እንደቆመች ተኩሰው ጣሏት። ጮህኩ፤ ሊዲያ ደንግጣ አጠፋችው።

ክው ያደረገኝ ግን ፊልሙ አይደለም። ሆስፒታልም አስተርጓሚዬ አንተው ነበርክ! ሐኪሙ ብዙ ተናገረ፣ አንተ ሁለት ነገር አልከኝ፤ ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ ሌላ ትወልጃለሽ። ተነስቼ የወረቀቶቻችንን ፋይል ገለበጥኩ። የሆስፒታሉ ወረቀት እዚያው አለ፤ ቤት በቀየርን ቁጥር እኔው ነኝ ሳሽገው የኖርኩ። ዛሬ እንዲህ ያለ ወረቀት ማንበብ የዕለት ሥራዬ ነው። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ምክንያቱ አልታወቀም፣ የእናትየዋ ጥፋት አይደለም ይላል። ሁለተኛው ግን፣ ዳግመኛ ታረግዛለች ተብሎ አይጠበቅም፤ ይህም በባለቤቷ አስተርጓሚነት ተነግሯታል ይላል። ማን ነገረኝ? ኧረ ማን?

ሊዲያ እስክትጸነስ አራት ዓመት! እኔ የሕፃን ብርድ ልብስ ስመርጥ፣ አንተ ቢጫው ይሻላል ስትለኝ፣ ታውቅ ነበር። የገዛ ሰውነቴን ወሬ ደበቅከኝ። አልዋሽህም፣ ተቆጥቻለሁ፤ መብት አልነበረህም። ደግሞ ቢነገረኝ ኖሮ ተስፋ ቆርጬ፣ ሊዲያን ሳናያት እንቀር ነበር ይሆናል። እሷ በአምስተኛው ዓመት ስትወለድ ነርሶቹ እስኪስቁብህ የተንሰቀሰቅከው ለዚህ ነበር ለካ። እኔ ሆደ ባሻ ነው ብዬ አልፌህ ነበር።

ማክሰኞ ሄጄ ለጋሽ መኮንን እውነተኛውን መጨረሻ ነገርኳቸው። አላልኩሽም ብለው ሊጨፍሩ ምንም አልቀራቸውም። ሶ፣ ተሸነፍኩ መሰለህ? አሁን ባሰብኝ እንጂ! ያቺ አውሬ በሞተ ልጇ ፊት የቆመችውን አቋቋም አውቀዋለሁ፣ እኔም እንዲያ ቆሜያለሁ አልኳቸው። የድሮው ሊያስፈራን ነው የተሠራው፤ ይሄኛው ግን ሐዘን የገባው ሰው ሥራ ነው፣ ጨርሰው ሳያዩት አይስደቡብኝ አልኳቸው። ወደ ምሳቸው ተመለሱ።

ሊዲያ ወረቀቱን ጠየቀችኝ። ሰጠኋት፤ ራሷ ታንብበው፣ በኛ ቤት አስተርጓሚ ይብቃ ብዬ። አንብባ ስትጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ ያኔ ዳዲን ማን አጽናናው? አለችኝ።

እኔን ሊያጽናኑ የሠፈሩ ሴቶች ሁሉ መጥተው ነበር፤ አንተ በር ትከፍታለህ፣ ሻይ ትቀዳለህ። ሌላ ልጅ አይኖረንም ብለህ ብቻህን አራት ዓመት ስታዝን ለቅሶህን የደረሰ አንድ ሰው የለም። እኔ እንኳ አልደረስኩህም። ያን ሐዘንህን ከእንግዲህ አልረሳውም፤ አንተ ጋ እስክመጣ ድረስ በየዓመቱ አስበዋለሁ። ይሄን የጻፍኩልህም፣ ዘግይቼም ቢሆን ለቅሶህን ልድረስ ብዬ ነው።

እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ግርምዬ።