የጀሶው መንጋጋ

ሞጣ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን

ይድረስ ለእናቴ፣ ቢቸና።

እማ፣ እንደምን ከረምሽ? የግራ ጉልበትሽ ከብርዱ ጋር ታረቀ ወይስ ማኅበር ስትሄጂ አሁንም መንገድ ላይ ያስቀምጥሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ናፍቆትሽ ብቻ በየቀኑ ሰዓቱን አክብሮ ይመጣል፤ በዚህ እኛን መምህራኑን ይበልጠናል።

ዓመት ከመንፈቅ "መንገድ ተዘግቶ ነው" እያልሁ ቀረሁ። መንገዱስ ብዙ ጊዜ ተከፍቶ ነበር። የፈራሁት ሥራው ያላለቀ አፌን ላሳይሽ ነው።

የታችኛው መንጋጋዬ ከላይኛው ቀድሞ እንደሚወጣ ታውቂያለሽ፤ እኔ ሳልደርስ በር ላይ የሚደርስ መልእክተኛ ነበር። የላይኞቹ የፊት ጥርሶቼ ከታችኞቹ ኋላ እየገቡ ሲፋጩ ጫፋቸው አለቀ። ባሕር ዳር ያለ ሐኪም አየኝና "አነካከስህ የተገላቢጦሽ ነው። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ከዘር ይመጣል፤ ማን አለባችሁ?" አለኝ። "አባቴ" አልሁት። ካርዴ ላይ ጻፈው። ያ ሰውዬ ያወረሰኝ ንብረት በወግ የተመዘገበልኝ ያን ቀን ነው።

ከዚያ ሽቦ አሰረልኝና በየወሩ ያጠብቀው ጀመር። "ቆሎ እንዳትነካ፣ ሽቦው ይነቀላል" ሲለኝ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ቤት በመጣሁ ቁጥር ቆሎ ሰጥተሽኝ፣ አገጭሽን በመዳፍሽ ይዘሽ ከፊቴ ትቀመጫለሽ። ላወራሽ ስል "ዝም ብለህ ቆርጥም" ትይኛለሽ። እኔም የእናት ፍቅር ነው ብዬ መንጋጋዬ እስኪዝል እቆረጥም ነበር።

ሰውዬው "ለአንድ ወር ሥራ" ብሎ ከወጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ስሙ በቤታችን እንዳይነሳ ያወጅሽውም አንቺ ነሽ። ስለዚህ ጥርሴ ሲቃና አንቺንም የገላገልሁሽ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሽቦው ወለቀልኝ። ፎቶ ተነሥቼ ለመክሊት ላክሁላት። እህቴ መቼም ደግ ናት፤ ደውላ "ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሰው መሰልህ" አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እማ ግን ፎቶውን ብዙ አየችና 'የድሮውን ጣለው እንዴ?' ብላ ብቻ ጠየቀችኝ" አለች። "ጥርስ እኮ ተገፍቶ ነው የሚቃናው፤ ምኑ ይጣላል?" ብዬ ሳቅሁ። ስልኩን ስዘጋ ግን፣ ቆሎ ስቆረጥም ማንን ታዪ እንደነበር ገባኝ።

እማ፣ አልጣልሁትም። ሐኪሙ ሳይጀምር የድሮውን አነካከሴን በጀሶ ቀርጾት ነበር፤ ለምኜ ወሰድሁት። በፎጣ ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ደግሞ ጥርስ ካልተያዘ የድሮ ቦታውን ፍለጋ ይመለሳል ብሎ የማጠልቀው መያዣ ሰጥቶኛል። "ተወው" ካልሽኝ እተወዋለሁ። ለመክሊት ብቻ እንዳትነግሪያት።

ለገና እመጣለሁ። ቆሎውን ቁዪልኝ፤ የምታይው ባይኖርም ከፊቴ ተቀመጪልኝ።

እመ ብርሃን ጉልበትሽን ታጽናልኝ፤ ደጅሽን የሚጠብቅ አይንሽንም አታድክምብኝ።

ልጅሽ

ማስታወሻ፦ ጀሶው ላይና ታች ሁለት ክፍል ነው። ለየብቻ አታስቀምጪው። የታችኛውን ትንሽ ወደ ፊት አውጥተሽ ግጠሚው፤ ያኔ ነው የሚመስለው።