ቅዳሜ ጠዋት ከሁላችን ኋላ ስለቀሩት የእግር ጉዞ መሪያችን

የስኳር ሕሙማን የእግር ጉዞ ማኅበር መሥራችና መሪ የነበሩት እህታችን ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት፣ በሠላሳ ስድስት ዓመታቸው፣ በጉዞ ላይ ሳሉ በልብ ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የማኅበራችን ሐዘን ከባድ ነው። ይህን መግለጫ በኮሚቴው ስም የሚጽፈው ጸሐፊያችን ታናሽ ወንድማቸው ነው፤ ገና ተማሪ ስለሆነ ሌላ ሰው ይጻፈው ተብሎ ነበር፤ እሱ ግን እኔው ልጻፈው ብሏል።

እህታችን በልብስ ስፌት ይተዳደሩ ነበር። ሱቃቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ያወቁት ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ አቀርቅረው ይውሉ ስለነበር፣ ሐኪማቸው ከኪኒኑ ጋር በየቀኑ የግማሽ ሰዓት እርምጃ አዘዙላቸው።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ በሐኪም ቤቱ የስኳር ክትትል ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ አብረዋቸው ተራ ሲጠብቁ ከነበሩ አራት ሰዎች ጋር ማኅበሩን መሠረቱ። እስካለፈው ቅዳሜ አርባ ሁለት ነበርን።

ከአራት ዓመት በፊት፣ ፈጣኖቹ ቀድመው ሲሄዱ ደካሞቹ እያፈሩ መቅረታቸውን አይተው፣ መሪ ከፊት ይሄዳል የሚለውን ልማድ ሽረው ከሁሉም ኋላ መራመድ ጀመሩ። እየተራመደ ማውራት ያቃተውን ሁሉ እርምጃህን ቀንስ ስለሚሉ፣ በዕድሜ የሚበልጧቸው ሳይቀሩ «እትዬ ፍሬን» ይሏቸው ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ስለ ጨው፣ ስለ ጣፋጭና ስለ ሲጋራ ወርኃዊ ውይይት አስጀመሩ። ዳቦ ጋጋሪው አባላችን ነጭ ዳቦ ቀንስ ሲባል፣ ዓሣን ውኃ ቀንስ እንደማለት ነው ብሎ አስቆናል፤ የእሱም ስኳር ግን በዓመቱ ወርዷል። በእርምጃ ብቻ እንድናለን ብለው የደም ግፊት መድኃኒታቸውን የተዉ ሁለት አባላትን ተቆጥተው ወደ ሐኪም መልሰዋል። እግር ኪኒንን ያግዛል እንጂ አይተካም ይሉ ነበር።

ኮሚቴው በዚህ መግለጫ «በድንገት» የሚለውን ቃል ላለመጠቀም ወስኗል፤ ድንገት አልነበረምና። ካለፉት ሁለት ወራት ወዲህ እህታችን ወደ ሱቃቸው ሲወጡ በየፎቁ ቆመው ያርፉ ነበር። መንጋጋቸውንም ያማቸው ነበር፤ ሁለቱም የልብ ሕመም ምልክት ናቸው። የተማሪዎች ዩኒፎርም ስፌት ስለበዛባቸው የልብ ምርመራ ቀጠሯቸውን ሁለት ጊዜ አራዝመዋል። ወንድማቸው ሲጠይቃቸው «ድካም ነው። ለእማዬ እንዳትነግራት፣ ስትጨነቅ ስኳሯ ይወጣል» አሉት። እናታቸውም የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። እሱም አልተናገረም።

ቅዳሜ ዕለት እንደ ልማዳቸው ከሁላችን ኋላ ስለነበሩ ሲወድቁ ያየ የለም። መድረሻው ላይ ስንቆጠር አንድ ሰው ጎደለ።

ከቀብሩ በኋላ አሥራ አንድ አባላት ጉዞውን ማቆማቸውን አሳውቀዋል። ታክሲ ነጂው አባላችን «እትዬ ፍሬን እየተራመዱ ከሞቱ፣ እኛ በምናችን ልንተርፍ ነው?» ብሏል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መራመዱ ግን አልጎዳቸውም፤ ስኳራቸውም ግፊታቸውም በእርምጃው ተሽሎላቸው ነበር። የጎዳቸው ለእኛ የሚሉትን ለራሳቸው አለማለታቸው ነው።

ስለዚህ በመጪው ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ጉዟችን ይቀጥላል። ከኋላ የሚሄዱት ሁልጊዜ ሁለት ይሆናሉ። ከመነሳታችን በፊት እያንዳንዱ አባል በሳምንቱ ደረቱ፣ መንጋጋው ወይም ትንፋሹ ላይ የተሰማው ነገር ካለ በሁሉም ፊት ይናገራል፤ የተሰማው ሰው አይራመድም፣ በዚያው ሰዓት ሰው ተመድቦለት ወደ ሐኪም ይሄዳል። ደብቁልኝ የሚል አባል አይደበቅለትም።

ለእናታቸው፣ ለስፌት ባልደረቦቻቸው፣ በክትትል ክፍሉ ላስታመሟቸው ነርሶችና ለአባላት በሙሉ ማኅበሩ መጽናናትን ይመኛል።

ጸሐፊያችን ከዚህ ዝርዝር ራሱን አስቀርቶ ለፊርማ ስላቀረበ፣ ሊቀመንበሩ የሚከተለውን በእጃቸው ጨምረው ኮሚቴው አጽድቆታል፦

ለታናሽ ወንድማቸውም። ልጃችን፣ ያወቅከው አንተ ብቻ አልነበርክም። በየሳምንቱ ኮቴያቸው ከኋላችን እየራቀ ሲቀር ሰምተን፣ ወሬያቸው ሲቋረጥ ሰምተን፣ ከአርባ አንዳችን ዞር ብሎ የጠየቃቸው የለም።