የጎንዛጋ ፈረሶች

ማንቱዋ፣ ግንቦት 1955

ወዳጄ ደበሌ፣ እንዴት ከረምክ? ሱሉልታስ ዝናቡ ጀመረ?

እዚህ ማንቱዋን ወደ አራት መቶ ዓመት የገዛ ጎንዛጋ የሚባል የመሳፍንት ዘር ነበረ። ትናንት ከቤተ መንግሥቶቻቸው አንዱን አየሁ። አንድ አዳራሽ ውስጥ የመስፍኑ ፈረሶች በትክክለኛ ቁመታቸው ግድግዳው ላይ ተስለዋል። ከበሩ በላይ ያለውን አሁን ያሽካካል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩት።

አስጎብኚያችን ሴትዮ «ይሄ ዳርዮ ይባላል» ስትለን፣ የአባትህ ነገር ትዝ ብሎኝ «ታዲያ መስፍኑን አባ ዳርዮ ይሉት ነበር?» አልኳት። ሳቀችብኝ። በገዛ ስሙ ነው የሚጠራው አለች። እንዲህ ያለ ፈረስ እያለው! እኛ ዘንድ ቢሆን የክርስትና ስሙን የምታስታውሰው እናቱ ብቻ ነበረች። ዛሬ ገዢዎቹ የሉም፤ ሰው የሚጎርፈው ፈረሶቹን ሊያይ ነው።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ለማሪቱና ለልጆቹ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ የአባ ቦራን ጉልበት ሳምልኝ። ቦራን ሸጬ ሞተር ብስክሌት እገዛለሁ ያልከውን ግን እኔ እስክመጣ አቆየው። ፈረሱ ከሄደ አባትህን ምን ልንላቸው ነው? አባ ሞተር?

ወንዳፍራሽ